0.5 ሚሊ ሜትር ጂኦሜምብሬን ለቤተሰብ ኩሬ፦ ምን ዓይነቱ ይገዛ፣ የት ይነጠፍ?

ለጓሮ ኩሬ የሚነጠፈው ጥቁር ጂኦሜምብሬን፣ ማለትም ውኃ የማያሰርገው የፕላስቲክ ንጣፍ፣ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ዕቃ ነው። ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሲያቋርጥ የሚጎዳው ሰብል ገና ፍሬ እየያዘ ያለው ነው። ሐምሌ ላይ ማሳውን ጠርጎ ወደ ወንዝ የወረደው ጎርፍ ደግሞ መስከረም ላይ የጠፋው ውኃ ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት፣ በኤልኒኖው ጊዜ፣ ይህ በሰሜንና በምሥራቅ ኢትዮጵያ በግልጽ ታይቷል። ጂኦሜምብሬን ሐምሌን ከመስከረም ያገናኛል። ሆኖም ሁሉም ጥቁር ፕላስቲክ ጂኦሜምብሬን አይደለም፤ ሁሉም ማሳም ለኩሬ አይሆንም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በየክልሉ በዘመቻ ከተቆፈሩት የቤተሰብ ኩሬዎች ብዙዎቹ አገልግሎት ሳይሰጡ ቀርተዋል። አንዳንዶቹ ምንም ሳይነጠፍባቸው ቀርቶ ውኃው በሳምንታት ውስጥ ሰረገ፤ አንዳንዶቹ ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ ላይ ተቆፈሩ፤ ሌሎቹ በደለል ተሞሉ። ንጣፉ የሚፈታው የመጀመሪያውን ችግር ብቻ ነው። የቀሩትን ሁለቱን የሚፈታው ቆፋሪው ነው።

መጀመሪያ ግዢው። ገበያ ላይ 0.3፣ 0.5፣ 0.75 እና 1 ሚሊ ሜትር እየተባለ ይሸጣል። 0.3ቱ ለኩሬ አይሆንም፤ የመጀመሪያዋ ፍየል ሰኮና ትበሳዋለች። 1 ሚሊ ሜትሩ ጠንካራ ነው፤ ግን ግትር ስለሆነ ታጥፎ ለመምጣት ይቸገራል፣ ቦታው ላይ በማሽን መበየድም ይፈልጋል፤ ለአንድ አባወራ ከአቅም በላይ ነው። ለቤተሰብ ኩሬ 0.5 ይበቃል፤ ድንጋያማ ቦታ ከሆነ 0.75 ይሻላል። ዋናው ነገር ፋብሪካ ላይ ተበይዶ አንድ ወጥ ሆኖ መምጣቱ ነው። «ሁለት ቁራጭ ነው፣ በማጣበቂያ ይያያዛል» ከተባለ አይገዛም። ንጣፉ የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ኤችዲፒኢ፣ ማጣበቂያ አይቀበልም፤ በዘላቂነት የሚያያዘው በሙቀት ብቻ ነው።

ውፍረቱን በዓይን መለየት ይከብዳል፤ ሚዛን ግን ይለየዋል። ትክክለኛ 0.5 ሚሊ ሜትር ኤችዲፒኢ በካሬ ሜትር 470 ግራም ገደማ ይመዝናል። 14.5 በ14.5 ሜትር የሆነ ንጣፍ 210 ካሬ ነው፤ ስለዚህ ወደ 99 ኪሎ መምጣት አለበት። 80 ኪሎ ከመጣ የተሸጠው 0.4 ነው። ሻጩ ትራፊ ቁራጭ ካለው ደግሞ ውኃ ላይ ይጣል፦ ኤችዲፒኢ ይንሳፈፋል፣ ፒቪሲ የተባለው ሌላ ፕላስቲክ ይሰጥማል። ቁራጩን አጥፎ በጥፍር መጫንም ይጠቅማል፤ እጥፉ ላይ ነጭ መስመር ወጥቶ ወዲያው ከተሰነጠቀ በድጋሚ ከተፈጨ ፕላስቲክ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም፣ ፀሐይ ላይ አይቆይም። ጥሩውን ከፀሐይ የሚያቆየው ውስጡ ያለው ከ2 እስከ 3 በመቶ ጥቀርሻ ነው። ጥቁር የሆነውም በዚሁ ነው።

ከላይ የተባለው 14.5 ሜትር የሚሠራው አፉ 10 በ10፣ ወለሉ 4 በ4፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ለሆነ ኩሬ ነው። ይህ ኩሬ 156 ሜትር ኩብ ይይዛል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የወለሉ 4 ሜትር፣ የሁለቱ ተዳፋት 4.25 በ4.25፣ በሁለቱም ጫፍ ለመቅበሪያ 1 ሜትር። ብዙ ሰው የመቅበሪያውን 1 ሜትር ረስቶ በ12.5 ይገዛና ዳሩን በድንጋይ ጭኖ ይተወዋል፤ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ከንጣፉ ጀርባ ገብቶ አፈሩን ያጥበዋል። ቁፋሮው እጅግ ጠንካራ ባልሆነ አፈር ከ80 እስከ 100 የሰው ቀን ይወስዳል። የንጣፉ ዋጋ ሲነሳ ይህ ጉልበት አብሮ መነሳት አለበት።

የተዳፋቱን ልክ አፈሩ ይወስነዋል። በቀይ አፈር 1 ለ1፣ ማለትም 1 ሜትር ሲወርድ 1 ሜትር ወደ ጎን እየሄደ፣ ይቆማል። ዋልካ ላይ ግን ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ዳሩ ይናዳል፤ ቢያንስ 1 ለ1.5 ይሁን፣ የንጣፉ ልክም እንደገና ይሰላ። ከተቆፈረ በኋላ ሥርና ሹል ድንጋይ አንድ በአንድ ይለቀማል፣ ከዚያ በወንፊት የተነፋ አፈር በጭድ አቡክቶ እንደ ቤት ምርጊት 5 ሳንቲ ሜትር መለሰን ነው። ወለሉ ላይ አሮጌ የማዳበሪያ ጆንያ ቢዘረጋ ጥሩ ነው። ይህን ሥራ የዘለለ ሰው ንጣፉን አይውቀስ፤ በየኩሬው የሚታየው ብስ አብዛኛው ከታች ወደ ላይ የገባ የድንጋይ ጫፍ ነው።

መንጠፍ የጠዋት ሥራ ነው። ጥቁር ፕላስቲክ በእኩለ ቀን ፀሐይ ይለጠጣል፤ በ30 ዲግሪ ልዩነት 14 ሜትሩ ላይ ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በቀትር ተወጥሮ የተቀበረ ንጣፍ ሌሊት ሲሰበሰብ ብየዳውና ማዕዘኑ ላይ ይጨነቃል። ስለዚህ በጠዋት፣ ጫማ ተወልቆ፣ ስምንት ሰው ዙሪያውን ይዞ፣ ሳይጎተት ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ማዕዘን ትንሽ ላላ ብሎ ይቀራል። ዳሩ ከኩሬው አፍ 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ በተቆፈረ፣ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ቦይ ውስጥ ይገባል። ቦዩ ወዲያው አይደፈንም። በአሸዋ ጆንያ ተይዞ ወለሉ ላይ ውኃ ሲገባና ንጣፉ ቦታውን ሲይዝ ነው አፈር የሚመለስበትና የሚጠቀጠቀው።

መግቢያው የኩሬው ደካማ ጎን ነው። 150 ሜትር ኩብ ለመሙላት የክረምቱ ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር፣ ከዚህ ውስጥ ወደ ጎርፍ የሚለወጠው አንድ አምስተኛ ቢሆን፣ 1,250 ካሬ ሜትር ገደማ መሰብሰቢያ ይበቃል። ችግሩ ኃይለኛው ዝናብ ነው። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ፣ ግማሹ ወደ ጎርፍ ቢለወጥ፣ ከዚህ መሬት በሴኮንድ 10 ሊትር ያህል ሊልክ ይችላል። አንድ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ቅጠልና ጭቃ ሲይዘው ይህን አይችልም፤ ሁለት ይደረግ፣ ጫፋቸው ከዳሩ 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ኩሬው ይውጣ፣ የሚወድቅበት ቦታ ላይ የንጣፍ ትራፊ ይደረብ። ከመግቢያው 3 ሜትር ቀደም ብሎ 1 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው የደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ መሬቱ የታረሰ ተዳፋት ከሆነ ሁለት በተከታታይ። ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ መጠረግ አለበት። ትርፍ ውኃ ማስወገጃውም ከአፉ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ንጣፉ በሥሩ እንዳለፈ፣ በድንጋይ ተደርድሮ ሣር ወዳለበት ቦታ ይመራ። ማስወገጃ የሌለው ኩሬ ሞልቶ ሲፈስ ከታች ያለውን ጎረቤት ማሳ ይቦረቡራል።

አሁን ውኃው። ሻጮች «በጋውን ሙሉ ያመርታል» ይላሉ፤ አያመርትም። በጋ ላይ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ትነት ቢታሰብ፣ 100 ካሬ ሜትር አፍ ያለው ሙሉ ኩሬ በየቀኑ 500 ሊትር ያጣል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 25 ማለት ነው። ንጣፉ ሥርገትን እንጂ ትነትን አያቆምም። ሽንኩርት ወይም ቲማቲም ከተከላ እስከ ለቀማ በካሬ ሜትር ከ400 እስከ 600 ሊትር ይጠጣል፤ ስለዚህ ውኃውን እስከ መጋቢት ማቆየት ለፀሐይ መገበር ነው። አትራፊው አጠቃቀም ሌላ ነው። ዝናቡ መስከረም ላይ ሲያቋርጥ 50 ሚሊ ሜትር አንድ ጊዜ ማጠጣት ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለ2,500 ካሬ ሜትር፣ 125 ሜትር ኩብ ይፈጃል፤ ሙሉ ኩሬ ይህን ይችላል፣ ምርት የሚያድነውም ይህች አንድ ውኃ ናት። ሁለተኛው ችግኝ ነው። 100 ካሬ ሜትር የሽንኩርት መደብ በ45 ቀን 25 ሜትር ኩብ ገደማ ይበቃዋል፤ የሚወጣው ችግኝ አንድ ጥማድ ይሸፍናል። የምንጃር ሸንኮራ ገበሬዎች በፕላስቲክ የተነጠፈ ኩሬን የሽንኩርት ችግኝ ማሳደጊያ አድርገው መጠቀማቸው የታወቀ ነው፤ ማሳውን ለዝናብ ትተው ኩሬውን ለችግኝ ማዋል ትክክለኛ ስሌት ነው።

ውኃውን ለማውጣት የእግር ፓምፕ ይበቃል፤ 3 ሜትር ለመሳብ አይቸገርም። የመሳቢያው ጫፍ ከተዘጋ ባዶ ጀሪካን ጋር ታስሮ ከውኃው ፊት 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ወለል ላይ ከተቀመጠ ደለል ይስባል፣ ንጣፉንም ይፍቀዋል። የመጨረሻው 30 ሳንቲ ሜትር ውኃ አይውጣ። ባዶ ንጣፍ ነፋስ ያነሳዋል።

ደኅንነት በዚህ ዕቃ ላይ ትልቁ ጉድለት ነው፣ ሻጮችም አያነሱትም። እርጥብ ኤችዲፒኢ በ1 ለ1 ተዳፋት ላይ እጅግ ያንሸራትታል፤ የወደቀ ልጅ ቀርቶ ጎልማሳም መውጣት አይችልም። ኩሬው ከመሞላቱ በፊት አጥር ይቁም፣ ቅንጭብም ቢሆን፤ በአራቱም ጎን ከችካል ጋር የታሰረ፣ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ የተቋጠረ ገመድ እስከ ወለሉ ይውረድ። ይህ ለምርጫ የሚቀርብ ነገር አይደለም። ወባ ባለበት ቆላ ደግሞ የደለል ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ጥልቀት የሌለው ውኃ የትንኝ መራቢያ ስለሚሆን ይጨለፍ።

ማን አይግዛ? በክረምት የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ላይ የሚመጣበት ሜዳ ላይ ያለ። ፎገራና ደንቢያን በመሰሉ፣ እንደ ርብና ጉማራ ያሉ ወንዞች፣ ጣና ሐይቅም ጭምር በሚያጥለቀልቋቸው ቦታዎች ውኃው ከሥር ገፍቶ ንጣፉን እንደ ፊኛ ያነሳዋል፤ እዚያ የሚያስፈልገው ማፋሰሻ ቦይና ጥልቀት የሌለው የእጅ ጉድጓድ ነው። ከባሕር ዛፍ አጠገብም አይቆፈር፤ ሥሩ ይደርስበታል።

ጥገናው ላይ አቅራቢዎች ሊያሻሽሉት የሚገባ ነገር አለ፦ ንጣፉን ሸጠው መጠገኛውን አይሸጡም። የብስክሌት ጎማ ማጣበቂያና ሱፐር ግሉ በሳምንት ይለቃሉ። ለጊዜው ቡታይል የተባለው ጥቁር ተለጣፊ ቴፕ፣ ቦታው ታጥቦና ደርቆ፣ ከብሱ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር አልፎ ቢለጠፍ ይይዛል። ዘላቂው በሞቀ አየር የሚበየድ የዚያው ዕቃ ቁራጭ ነው፤ የእጅ መበየጃው ውድ ስለሆነ ለአንድ ቀበሌ አንድ ቢገዛ ይበቃል። ስለዚህ ሲገዛ ቢያንስ 2 ካሬ ሜትር ትራፊ አብሮ ይጠየቅ፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ደለል ሲጠረግም አካፋ አይግባ፤ መጥረጊያና የፕላስቲክ ባልዲ ይበቃሉ።