የድሬዳዋ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ፦ ከ5 ኮከብ 4

ሳቢያን ሰፈር ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፤ የሌሊት ፈረቃ። ትርፍ ሰዓት ስንጠይቅ ‹‹ዳቦ እየወሰዳችሁ አይደል እንዴ?›› መባሉ ቢሰለቸኝ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። ስሙ ተቀይሯል፤ ድሬ ግን አሁንም በድሮው ነው የሚጠራው አቦ።

አገልግሎቱ በነፃ ነው። ኮከቡን የምሰጠው ግን ለቢሮው ሳይሆን እዚያ ላሉት አንድ አንጋፋ ተቆጣጣሪ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 42/85፣ እሱን የተካው 377/96፣ አሁን ያለው 1156/2011፤ በሦስቱም ሠርተዋል፤ ሦስቱም መደርደሪያቸው ላይ አሉ።

ብሶቴን ልጀምር ስል ‹‹ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ›› አሉኝ። ደመወዜን 6,240 ብር ለ208 ሰዓት አካፈሉት፤ በሰዓት 30 ብር። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ይባዛል፤ 52 ብር ከ50። ደስ ብሎኝ ሌሊቱን በሙሉ መደመር ስጀምር አስቆሙኝ። ሌሊት መሥራት ብቻውን ትርፍ ሰዓት አይባልም፤ የሚታሰበው በቀን ከ8 ሰዓት በላይ የሠራነው ነው። ከ6 ወር በላይ የቆየው ደግሞ በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው በማለፉ፣ ቀርቷል። በልቤ የቆጠርኩት ብር እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀለጠ! ተናደድኩ፤ እውነቱን ለመናገር ‹‹እኚህ ሰውዬ የማን ወገን ናቸው?›› ብያለሁ።

የገባኝ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሲጠራ ነው። አልጮሁበትም፣ አላስፈራሩትም፤ የመግቢያና የመውጫ መዝገቡን ብቻ ጠየቁት። ማታ 2 ሰዓት ገብተን ጠዋት 12 እንደምንወጣ ራሱ ፈርሞበታል። በእያንዳንዱ ሌሊት ሁለት ሰዓት ትርፍ፣ 105 ብር። የተጋነነ ነገር ስላልነበረው የሚከራከርበት ቀዳዳ አጣ፤ በሁለት ጊዜ ከፈለ። እምቢ ቢል ኖሮ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነበር የሚሄደው፤ ተቆጣጣሪ ዳኛ አይደለም።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት ለሕጉ ነው። ከፊቴ ተራ ይዛ የነበረችውን የቤት ሠራተኛ አዋጁ አይሸፍናትም። ከእኔ ይልቅ ለሷ ነበር የሚያስፈልገው። እሳቸው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መክሰስ እንደምትችል አስረድተው፣ አቤቱታዋን በእጃቸው ጻፉላት።

የምትሄዱ ካላችሁ ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ሂዱ። የደመወዝ ወረቀትና የመዝገቡን ፎቶ አትርሱ። ጡረታቸው ደርሷል ሲባል ሰምቻለሁና ፍጠኑ።