የኮንክሪት የአሸዋ ማጣሪያ፦ ለየትኛው ውሃ?

ድሬዳዋ ላይ ስለ ውሃ የሚሰማው እሮሮ በአብዛኛው ስለ ኖራው ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ለማንም እንግዳ ስላልሆነ፣ በግቢያችን ጥላ ሥር የቆመውን የኮንክሪት የአሸዋ ማጣሪያ የሚያዩ ጎረቤቶች አስቀድመው የሚጠይቁት ኖራውን ያስቀር እንደሆነ ነው። አያስቀርም። ውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር፣ ኖራም ሆነ ጨው፣ ናይትሬትም ሆነ ፍሎራይድ፣ በአሸዋው መካከል አልፎ ይወጣል፤ ስለዚህ ይህን ዕቃ ለጣዕም ወይም ለቅርፊቱ ብሎ ለመግዛት ያሰበ ሰው ገንዘቡን ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።

ማጣሪያው የተሠራው ለድፍርስና ለጀርም ነው። በ1892 እ.ኤ.አ. ሃምቡርግን ኮሌራ ሲፈጃት፣ ከዚያው ከኤልባ ወንዝ እየቀዳች ውሃዋን ግን በአሸዋ ታጣራ የነበረችው ጎረቤቷ አልቶና በእጅጉ ተርፋለች። ያንን የከተማ አሠራር ለአንድ ቤተሰብ በሚበቃ መጠን አሳንሶ፣ ውሃው ያለማቋረጥ መፍሰሱ ቀርቶ በየጊዜው እየተጨመረ እንዲሠራ ያደረገው በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ማንዝ ነው።

አሠራሩ ቀላል ይምሰል እንጂ በጥንቃቄ የታሰበ ነው። ከሥር ሻካራ ጠጠር፣ በላዩ ደቃቅ ጠጠር፣ ከዚያም አብዛኛውን ቦታ የሚይዘው የታጠበ ደቃቅ አሸዋ ይደረደራል፤ ከሁሉም በላይ የሚፈስሰው ውሃ አሸዋውን እንዳይቦረቡረው የተበሳሳ ሳህን ይቀመጣል። መውጫ ቱቦው ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ስለሚወጣና አፉ ከአሸዋው ከፍ ብሎ ስለሚያልቅ፣ ፍሰቱ ሲቆም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ሁልጊዜ አሸዋው ላይ ይቀራል። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው፦ በዚህ ስስ ውሃ ሥር፣ አሸዋው ገጽ ላይ፣ በጎ ተሕዋስያን የሚኖሩበት ሽፋን ይፈጠራል፤ ከውሃው ጋር የመጡትን ጀርሞች የሚበሉትም እነሱ ናቸው። ሽፋኑ እስኪጎለምስ 30 ቀን ያህል ሊወስድ ስለሚችል፣ ሻጮች ከተገጠመበት ዕለት ጀምሮ ይጠጣል ቢሉም አይቻልም፤ በዚያ ጊዜ ውሃውን ማፍላት ግድ ነው።

በእኔ ግምት የዚህ ዕቃ ዋና ፈተና በከተማችን የውሃ አመጣጥ ላይ ነው። ሽፋኑ ሕይወት ያለው በመሆኑ ምግቡም አየሩም ሊቋረጥበት አይገባም፤ በሁለት ሙሌት መካከል ቢያንስ አንድ ሰዓት ማረፍ አለበት፣ ከ48 ሰዓት በላይ ግን ያለ አዲስ ውሃ መቆየት የለበትም። ከሁሉ በላይ የሚስማማው ሁልጊዜ ከአንድ ምንጭ የሚመጣ ውሃ ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሐረርም ይሁን ድሬዳዋ፣ ዛሬ የቧንቧ፣ ነገ የቦቴ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሮቶ ውስጥ የሰነበተ ውሃ የሚጠጣ ቤተሰብ ሽፋኑን በየጊዜው ያውከዋል። ክሎሪን የገባበት የቧንቧ ውሃ ደግሞ ጭራሽ ይገድለዋል። ስለዚህ ከዚራ ወይም ሳቢያን በመሳሰሉ የድሬዳዋ ሰፈሮች የቧንቧ ውሃ ለሚጠጣ ሰው ይህን ማጣሪያ አልመክርም፤ ከአንድ ያልተጠበቀ ጉድጓድ ወይም ምንጭ ለሚቀዳ የገጠር ቤተሰብ ግን፣ መብራት ስለማይፈልግና የሚለወጥ ዕቃ ስለሌለው፣ ከዚህ የሚሻል ጥቂት ነው። የሸክላው ፊልተር ቀላልና ተንቀሳቃሽ ቢሆንም ሲሰነጠቅ ዓይን ላያየው ይችላል።

ስለ አሸዋው ሳያጣሩ መግዛት አይገባም። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ለግንባታ ቅርብና ርካሽ ቢሆንም፣ ከብት የሚያልፍበትና ቆሻሻ የሚጣልበት የወንዝ አሸዋ ብክለቱን ይዞ ስለሚመጣ ከድንጋይ ካባ የተፈጨ ድንጋይ ተነፍቶና ታጥቦ ቢገባ ይመረጣል። የአሸዋው ቅንጣት መጠን መስተካከሉን ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም፦ ማጣሪያውን እስከ አፉ ሞልቶ አንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ከቱቦው ሥር መያዝ ነው። ጠርሙሱ ከሁለት ደቂቃ ተኩል ባነሰ ጊዜ ከሞላ ፍሰቱ ፈጥኗል፣ አሸዋውም ሻካራ ነው ማለት ነው። በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 12 ሊትር ያህል ስለሆነ ሃያ ሊትሩ ጀሪካን በአንዴ አይገለበጥም፤ ትዕግሥት የሌለው ቤት ይህን ይወቅ። ፍሰቱ ከጊዜ በኋላ ሲዘገይ የላዩን አሸዋ በእጅ በቀስታ አማስሎ የደፈረሰውን ውሃ መጥለቅ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሽፋኑ እስኪያገግም ጥቂት ቀናት መጠበቅ ያስፈልጋል።

በደንብ የተያዘ ማጣሪያ ከባክቴሪያው አብዛኛውን፣ ጃርዲያን የመሳሰሉ ጥገኛ ተሕዋስያንንና የትላትል እንቁላልን ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያስቀራል፤ በቫይረስ ላይ ያለው አቅም ግን ያንሳል። በተለይ አተት በሚነገርበት ወቅት የተጣራውን ውሃ በውሃ አጋር (ክሎሪን ባለበት የውሃ ማከሚያ) ማከም ይገባል፤ መድኃኒቱም የሚጨመረው ንጹሕ፣ ክዳን ባለውና አፈ ጠባብ በሆነ መቀበያ ጀሪካን ውስጥ እንጂ በምንም ዓይነት ማጣሪያው ውስጥ አይደለም።

እኛ የገዛንበት ሱቅ መውጫ ቱቦው ላይ የቧንቧ ራስ ገጥሞ ይሸጥ ነበር። ለዓይን ያምራል፣ ደንበኛም ይወደዋል፤ ነገር ግን ቧንቧው ሲዘጋ ውሃው ከአሸዋው በላይ ከልክ አልፎ ስለሚቆም አየር ወደ ሽፋኑ አይደርስም። ቱቦው ክፍት መሆን አለበት። ቧንቧ የተገጠመለት ካገኛችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አስፈቱት።