«ሙሉ የሳውንድ ባለሙያ ቦርሳ» ተብሎ የሚሸጠውን ጥቅል እንዳትገዙ

በሐዋሳ በሠርግ፣ በጉባኤና በአደባባይ በዓላት የድምፅ ሥራ ለምትሠሩ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በቴሌግራም «ሙሉ የሳውንድ ባለሙያ ቦርሳ» በሚል ስም የሚሸጠውን ጥቅል እንዳትገዙ አጥብቄ አሳስባለሁ። ሻጩ የዋጋውን ግማሽ በቀብድ መልክ በባንክ ያስከፍልና ቦርሳውን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይልካል፤ ቀሪው ሳይከፈል ግን መናኸሪያ ላይ ከፍቶ ማየት አይፈቀድም። አንድ ወጣት ባልደረባችን በዚህ መንገድ ገዝቶ ስለመጣ እያንዳንዱን ዕቃ ፈትቼ ተመልክቻለሁ።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ መልቲሜትሩ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያው ነው። ፊቱ ላይ «ካት 3፣ 600 ቮልት» የሚል፣ የሕንፃ ኤሌክትሪክ መስመር ለመለካት ይበቃል ማለት የሆነ የደኅንነት ደረጃ ታትሞበታል፤ ጀርባው ሲከፈት ግን ያለው አንዲት ቀጭን የመስታወት ፊዩዝ ብቻ ስትሆን፣ 10 አምፔር ከሚለው ቀዳዳ አጠገብ ደግሞ ፊዩዝ እንደሌለው በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። አንድ ሰው ቀዩ ገመድ በዚያ ቀዳዳ እንደተሰካ ሳያስተውል የገመዶቹን ጫፍ 220 ቮልት ያለው ሶኬት ውስጥ ቢከት፣ በእጁ የያዘው መለኪያ መሆኑ ቀርቶ ምንም መከላከያ የሌለው ሾርት ይሆናል። በፊቼ ጨምበላላ ሰሞን ጉዱማሌ ላይ፣ ወይም በታኅሣሥ ገብርኤል በጄኔሬተር ስንሠራ፣ ሚክሰሩን ከመሰካታችን በፊት ቮልቴጁንና ግራውንዱን የምናረጋግጠው በዚህ መሣሪያ ስለሆነ፣ ከቦርሳችን ዕቃዎች ሁሉ በርካሽ ልንገዛው የማይገባን እርሱ ነው። ጥሩው ዓይነት ለአምፔር ቀዳዳው ጭምር ወፍራም የሴራሚክ ፊዩዝ አለው።

ኬብሎቹ «ንጹሕ መዳብ» ተብለው ተሽጠዋል። የኤክስቴንሽኑን ሽቦ ልጬ በምላጭ ስፍቀው ግን ቀዩ ቀለም ተነሥቶ ነጭ አሉሚኒየም ወጣ። እንዲህ ዓይነቱ ሽቦ በተመሳሳይ ውፍረት ካለው መዳብ ይልቅ ለኤሌክትሪክ ፍሰት የበለጠ ስለሚያስቸግር ብዙ ጭነት ሲያርፍበት ይግላል፤ በየዝግጅቱ ሲጠቀለልና ሲዘረጋም ቶሎ ይሰበራል።

የማይክ ኬብሉ ጉድለት ደግሞ ከውጭ የሚታይ አይደለም። ኤክስ ኤል አር የሚባለውን ባለሦስት ፒን ጃክ ስፈታው ሦስተኛው ፒን ከአንደኛው፣ ማለትም ከግራውንዱ ጋር በቁራጭ ሽቦ ተበይዶ አገኘሁት። እንደምታውቁት ሁለተኛውና ሦስተኛው ፒን አንዱን ድምፅ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚያመጡ፣ ሚክሰሩ አንዱን ከሌላው ሲቀንስ በመንገድ የገባው ጉምጉምታ ይጠፋል። ሦስተኛው ከግራውንድ ጋር ከታሰረ ይህ ጥቅም ሙሉ በሙሉ ይቀራል፤ የ48 ቮልት ፋንተም ፓወር (ከሚክሰሩ በራሱ በማይክ ኬብሉ የሚላክ ኤሌክትሪክ) የሚፈልግ ኮንደንሰር ማይክም በአግባቡ አይሠራም። ይበልጥ የሚያሳዝነው፣ አብሮ የመጣው የኬብል መፈተሻ በዚሁ ኬብል ላይ ሦስቱንም መብራት አረንጓዴ አብርቶ ደኅና ነው ማለቱ ነው።

ስለ ማይኩ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ካርቶኑ «ሹር ኤስ ኤም 58» ይላል፣ ማይኩ ግን ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ ፋብሪካው ባለማብሪያውን የሚሸጠው በሌላ መለያ ነው። እውነተኛው ወደ 300 ግራም ስለሚመዝን፣ በእጃችሁ ቀለል ካላችሁ ተጠራጠሩ። ለጋፈር ቴፕ (ኬብል መሬት ላይ ለመለጠፊያ የሚሆን ቴፕ) ተብሎ የገባውም ተራ ፕላስተር ሲሆን ሲነሣ ሙጫውን ኬብሉ ላይ ይተዋል።

የሥራ ዕቃችንን አንድ በአንድ፣ በዓይናችን አይተንና ጃኩን አስፈትተን፣ በደረሰኝ ብንገዛ ይሻላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ሆኖም ያለ ደረሰኝ የተገዛን ዕቃ ይዞ መብትን መጠየቅ እጅግ ከባድ ነው። ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ የቴሌግራም መልእክቱንና የባንክ ማስረጃውን አስቀምጡ፤ ቦርሳው ሳይከፈትም ቀሪውን አትክፈሉ። ቀድሞ የገዛችሁ ደግሞ መልቲሜትሩን ባትሪ ከመለካትና ኤሌክትሪክ የሌለበት ኬብል መቆረጥ አለመቆረጡን ከማየት ውጭ ሶኬት አታስነኩት።