የሆስፒታላችን የሠራተኞች ክሊኒክ፦ ሁለት ፎቅ መውረድ ለምን አቃተን?

አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል በነርስነት ሳገለግል 11 ዓመት ሆኖኛል፤ ለሠራተኞች በተከፈተው ክሊኒክ የተገለገልኩት ግን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ክሊኒኩ ከምሠራበት የውስጥ ደዌ ክፍል ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ምርመራውም ክፍያ የለውም። ስለዚህ ስለ አገልግሎቱ ስጽፍ፣ አጠገባችን ያለውን ክሊኒክ ትተን የወገብ ሕመማችንን በዳይክሎፌናክ እያስታገስን ስለምንውል ስለ እኛ ስለ ነርሶችም መጻፌ አይቀርም።

የባለሙያዎቹ ሥራ የሚያስመሰግን ነው። ራስ ምታት አልለቅ ብሎኝ በወረድኩ ጊዜ ግፊቴ 150/100 ሆኖ ተገኘ። የመረመሩኝ ጤና መኮንን በአንድ ልኬት ተነሥተው መድኃኒት አልጻፉልኝም፤ አሳርፈው ደግመው ለኩኝ፣ የኩላሊትና የስኳር ምርመራ አዘዙልኝ፣ ለሳምንቱም ቀጠሩኝ። ከዚያ በፊት ግፊቴን የምለካው ተረኛ ክፍል ውስጥ ነበር፤ አንዷ ባልደረባዬ «እስቲ ክንድሽን» ትለኛለች፣ «ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ቡና አብዝተሽ ይሆናል» እንባባልና ቁጥሩ የትም ሳይጻፍ ይረሳል። ታካሚ እንዲህ ቢያደርግ የምንቆጣው እኛው ነን።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ክሊኒኩ የሚሠራው ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 11፡00 ሲሆን፣ 30 አልጋ ለሁለት ነርሶች በተተወበት ክፍል አንዷ ለራሷ ምርመራ ብትወርድ መድኃኒቱም፣ ግሉኮሱም፣ አዲስ ገቢውም የቀረችው ጓደኛዋ ላይ ይወድቃል፤ የአዳር ተረኛዋ ደግሞ ርክክቧን ጨርሳ ስትወጣ ወረፋ የምትቆምበት ዐቅም የላትም። ሌላው ቅሬታዬ ምስጢርን ይመለከታል። ታካሚ የተወጋበት መርፌ ድንገት የወጋት ነርስ ኤችአይቪን የሚከላከለውን መድኃኒት ቢቻል በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት ሳያልፍ ጀምራ ለ28 ቀን መውሰድ እንዳለባት ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን ካርድ የሚያወጡልንና ደማችንን የሚመረምሩልን ሰዎች በየዕለቱ አብረን ምሳ የምንበላቸው ናቸውና፣ ውጭ ከፍላ የምትመረመር ወይም ጨርሶ ዝም የምትል አትጠፋም።

«ነርስ ለራሷ ግድ የላትም» ሲባል የማልቀበለው ጉበትን በሚያጠቃው በሄፓታይተስ ቢ መከላከያ ክትባት ያየሁትን ስለማልረሳ ነው። የመጀመሪያውንና ከወር በኋላ የሚሰጠውን ሁለተኛውን ክትባት የክሊኒኩ ሲስተር የክትባት ሣጥኗን ይዛ በርክክብ ሰዓት ክፍላችን ድረስ መጥታ ሰጠችን፤ የጠዋት ገቢውም የአዳር ወጪውም እጅጌውን ሰብስቦ ተሰለፈ። በስድስተኛው ወር የሚሰጠውን ሦስተኛውን ግን ክሊኒክ ወርደን እንድንወስድ ተነገረን፤ ከክፍላችን በጊዜው የወረዱት ሁለት ብቻ ናቸው።

ለባለሙያዎቹ ከ5 ኮከብ 5፣ ለሰዓቱና ለምስጢር አጠባበቁ ግን 2 እሰጣለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ እስከ ምሽቱ 2፡00 ቢከፈት፣ ካርዳችንም ከስም ይልቅ በቁጥር ቢቀመጥ ሐሳቤን ለመለወጥ ዝግጁ ነኝ። ሦስተኛው ክትባት ያለፈባችሁ ባልደረቦቼ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልጋችሁም፤ የቀረውን ብቻ ውሰዱ። እኔም የወሰድኩት በዘጠነኛው ወር ነው።