በሳህን ማሳደግ ወይስ ዘረመል ማንበብ?
ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ከሾላ ሥር በተዛቀ አንድ ማንኪያ አፈር ውስጥ መድኃኒት የሚሆን ውህድ ለመፈለግ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በአፈሩ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያና ፈንገስ በቤተ ሙከራ ሳህን አሳድጎ፣ በዙሪያቸው ሌላ ተህዋሲ የማይበቅልበት ጥርት ያለ ቀለበት መፈጠሩን ማየት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1943 ስትሬፕቶማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የተገኘው በማሳደግ ሲሆን፣ የዘዴው ድክመት ቀድሞ የታወቀን ውህድ ደጋግሞ ማምጣቱ ነው። ሁለተኛው የተህዋሲውን ሙሉ ዘረመል አንብቦ ውህድ ሠሪ የዘረመል ስብስቦችን በኮምፒውተር መለየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ስትሬፕቶማይሲስ ሲሊከለር የተባለው የአፈር ባክቴሪያ ዘረመል ሲነበብ ከ20 በላይ እንዲህ ያሉ ስብስቦች ተገኝተዋል። ንባቡ ብቻውን ግን ውህዱን በእጅ አያስገባም። አቅሙ ውስን ለሆነ የሐዋሳ ቤተ ሙከራ ሳህኑን አስቀድማለሁ፤ ቀለበት ያሳየውን ብቻ ወደ ንባብ ማሻገር ወጪ ይቆጥባል፣ ምንም እንኳ በሳህን ላይ ዝም የሚሉት፣ ማለትም ውህዳቸውን የማይሠሩት ስብስቦች በዚህ ወንፊት ቢያመልጡንም።