ሐዋሳ ላይ የተገጣጠመ ኮምፒውተር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ኬዙ ሳይከፈት ብር እንዳትከፍሉ

ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ወይም ለዲዛይን ሥራ ኮምፒውተር ልታስገጣጥሙ ከሆነ እባካችሁ ይህን አንብቡ። በተለይ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ፣ ፓክድ» የተባለ ግራፊክስ ካርድ (ምስልና ቪዲዮ የሚያቀናብረው ክፍል) ያለበትን ማሽን ተጠንቀቁ። እኔ የተሸጠልኝ ካርድ 1050 ቲአይ የሆነው በስሙ ብቻ ነው።

የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ዕቁብ ሲደርሰኝ ብሩን ይዤ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ አስገጣጠምኩ። ሻጩ «እህቴ፣ ምንም አታስቢ፣ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው» አለኝ አፉን ሞልቶ። ማሽኑ ሲበራ ያምራል። ዊንዶውስም 1050 ቲአይ ብሎ ይጽፋል። ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲደረግ ግን ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ ወይም ብሉ ስክሪን ያመጣና ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ከቺፑ አምራች ከኤንቪዲያ አውርጄ ስጭን ጭራሽ ምስል ጠፋ። የሙሽሮች ቤተሰብ ደግሞ በየቀኑ «የት ደረሰ?» ይላል።

ሱቁ መጀመሪያ «ቫይረስ ነው» ብሎ ፎርማት አደረገው። ቀጥሎ «መብራት ነው የመታው» አለ። ስታቢላይዘር አለኝ ስለው «የምትጠቀሚው ሶፍትዌር ከባድ ነው» ሆነ። በመጨረሻ «ትንሽ ጨምሪና በሌላ ልቀይርልሽ» አለኝ። እምቢ ስለው ስልክ ማንሳት ተወ።

እውነቱ የወጣው አንድ ጥገና የሚሠራ የሠፈር ልጅ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ሲጭንበት ነው። ፕሮግራሙ ከካርዱ ስም ፊት ለፊት «ፌክ» ብሎ ጻፈ። ውስጡ ያለው ቺፕ በፈረንጆች 2011 የወጣው ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ነው። ትክክለኛው 1050 ቲአይ 768 ኩዳ ኮር (ሥራውን የሚከፋፈሉ ትንንሽ ማስሊያዎች) አለው፤ የእኔው 192። አጭበርባሪዎች የካርዱን ባዮስ (ካርዱ ምን እንደሆነ ለኮምፒውተሩ የሚናገረውን የውስጥ ፕሮግራም) ቀይረው የውሸት ስምና የውሸት የሜሞሪ መጠን ይጭኑበታል። ዊንዶውስም የተነገረውን አምኖ ያሳያል። ካርዱ የሌለውን ሜሞሪ ሊጠቀም ሲሞክር ነው ማሽኑ የሚወድቀው።

ያለ ምንም ፕሮግራም በዓይን የሚታይ ምልክትም አለ። የካርዱን ጀርባ እዩ። የእኔው ባለ 15 ቀዳዳው ሰማያዊ ቪጂኤ መሰኪያ አለው። የ1050 ቲአይ ቺፕ ግን የቪጂኤ ሲግናል አያወጣም፤ ኤንቪዲያ ከዚያ ትውልድ ጀምሮ ትቶታል። ቪጂኤ ካያችሁ ወዲያው ጠርጥሩ።

ለማሽኑ ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይም ሌላ ጉድ ነው። ጎኑ ላይ በትልቁ 500 ዋት ይላል። ከታች በደቃቁ የተጻፈውን ሠንጠረዥ ስናነብ 12 ቮልት ላይ 18 አምፔር ብቻ ነው። ስታባዙት 216 ዋት። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ በዋናነት የሚበሉት ከዚያ መስመር ነው። ትክክለኛው 1050 ቲአይ 75 ዋት ገደማ ሲበቃው አሮጌው 550 ቲአይ 116 ይፈልጋል። እንደኛ መብራት በሚዋዥቅበት ከተማ እንዲህ ያለ ፓወር ሰፕላይ ማዘርቦርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። እኔን ከካርዱ በላይ ያናደደኝ ይሄ ነው። «አዲስ» የተባለው ኤስኤስዲም (ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ) ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለው የዲስክ መፈተሻ ፕሮግራም ሲታይ ከሺህ ሰዓት በላይ የሠራ ነው።

ስለዚህ ብር ከማስተላለፋችሁ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ኬዙን አስከፍቱ። ጂፒዩ-ዚን፣ ክሪስታልዲስክኢንፎንና ፉርማርክ የተባለውን የካርድ መፈተኛ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ፉርማርክን ከፍታችሁ ካርዱን ሃያ ደቂቃ ያህል አስጨንቁት። ሻጩ «ጊዜ የለኝም» ካለ ጥላችሁ ውጡ። ደረሰኙ ላይ «ሙሉ ኮምፒውተር» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ፤ የእያንዳንዱ ዕቃ ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር ይስፈር። የዋስትናውም ቃል በወረቀት ይሁን።

አሁን ዋናውን ስሙኝ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ካለበት፣ በገዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርላችሁ ወይም ብራችሁ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላላችሁ። «ፎርማት ላድርግልሽ፣ ሰኞ ነይ» እየተባለ የሚያልቀው ያ ጊዜ ነው። በስልክ አትነታረኩ፤ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ላኩ። የእኔ ጥያቄ በቴሌግራም ከነቀኑ ስላለ ከደረሰኙ ጋር አያይዤ ለንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አስገብቻለሁ። ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ስለሆነ የሱቁን ስም እዚህ አልጽፍም።

ግን ያው ማሽን «ለኤዲተሮች ልዩ ቅናሽ» ተብሎ ዛሬም ቴሌግራም ላይ ተለጥፏል። ሰሞኑን እንዲህ ያለ የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ የካርዱን ጀርባ እዩ። ቪጂኤ ካለው በጂፒዩ-ዚ አረጋግጡና 15 ቀኑ ሳያልፍ ለሻጩ በጽሑፍ ጠይቁ። ሻጩ እምቢ ካለ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ።