ንጉሥ ሚካኤል ከቶራ መስክ በኋላ መገስገስ ነበረባቸው? የደሴው የግማሽ ቀን ጉብኝት ሲመዘን

ደሴ ላይ በወሎው ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ዙሪያ የሚደረገው የግማሽ ቀን የታሪክ ጉብኝት ገንዘብ ሊከፈልበት የሚገባው ለአንድ ክፍሉ ሲባል ነው። ስለ አዳራሹና ስለ ንጉሡ የ1906 ዓ.ም. ንግሥ የሚነገረው ብዙም አዲስ ነገር የለውም። ጉብኝቱ ሕይወት የሚዘራው አስጎብኚው ካርታ ዘርግቶ ከቶራ መስክ ውጊያ እስከ ሰገሌ ጦርነት ያሉትን 8 ቀናት ማስረዳት ሲጀምር ነው።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል 80,000 ይሆናል የሚባል ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ጥቅምት 9 ቶራ መስክ ላይ የሸዋውን የራስ ልዑል ሰገድን 11,000 ያህል ጦር ደመሰሱ፤ ራስ ልዑል ሰገድም እዚያው ወደቁ። ንጉሡ ግን ድሉን ይዘው አልገሰገሱም። ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ።

የጉብኝቱ ምርጥ ክፍል የስንቅ ስሌቱ ነው። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ቢታሰብ፣ 80,000 ሰው በቀን 400 ኩንታል ይበላል። አንድ በቅሎ አንድ ኩንታል ቢጭን እንኳ ለአንድ ቀን ብቻ 400 በቅሎ ያስፈልጋል። በጥቅምት መጀመሪያ ደግሞ መኸሩ ገና ከማሳ አልገባም። ብዙ ጎብኚ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው መቆማቸው ትክክል ነበር» ይላል። አይደለም። የቆመ ጦርም ይበላል፤ በ8 ቀን 3,200 ኩንታል ያልቃል፣ በዙሪያው ያለው አገርም ይራቆታል። አስጎብኚው ስሌቱን እስከዚህ ድረስ ቢያደርሰው ኖሮ ጥያቄው ራሱን በመለሰ ነበር።

አስጎብኚው ንጉሡን ከጥንቱ የካርቴጅ ጦር መሪ ከሀኒባል ጋር የሚያደርገው ንጽጽርም መሀል ላይ ይቀራል። ሀኒባል በ216 ከክርስቶስ ልደት በፊት ካኔ ላይ ሮማውያንን ሲደመስስ ሮም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቀው ነበር፤ ከተማዋ በግንብ የታጠረች ናት፣ እሱም የግንብ ማፍረሻ መሣሪያ አልያዘም። የፈረሰኞቹ አዛዥ ማሃርባል ወዲያው እንሂድ ቢልም ሀኒባል ለመቆም በቂ ምክንያት ነበረው። አዲስ አበባ ግን ግንብ አልነበራትም፤ የሸዋ ጦርም ገና ከየግዛቱ እየተጠራ ነበር። ለንጉሥ ሚካኤል እያንዳንዱ ቀን ኪሳራ፣ ለሸዋው የጦር መሪ ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ደግሞ ትርፍ ነበር። ስለዚህ መገስገስ ነበረባቸው እንላለን።

የጉብኝቱ ትልቁ ጉድለት የንጉሡን መቆም ሁሉ ፊታውራሪው እሳቸውን ለማዘናጋት በላኩት መልእክት ማሳበቡ ነው። ንጉሡ የልጃቸውን ከሐረር በኩል መምጣት ይጠብቁ እንደነበር ሳይነገር መቆማቸው የየዋህነት ይመስላል፤ ይህ ደግሞ ለእኚህ ለወሎ ታላቅ ሰው አይገባቸውም። ሌላው የዘመን አቆጣጠሩ መደበላለቅ ነው። አንዴ 1909፣ አንዴ በፈረንጆቹ 1916 ሲባል ወጣት ጎብኚ ሁለት ጦርነት ይመስለዋል።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ጠዋት ይጀምር፤ የጦሳ ተራራ ብርድ ስላለ ጋቢ ወይም ጃኬት ይያዝ። ከ6 ሰው በላይ ከሆናችሁ ካርታው ለሁሉም ስለማይታይ ለሁለት ተከፈሉ። ክፍያውንና የሚወስደውን ሰዓት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ካርታው የሚቀርበው መጨረሻ ላይ ስለሆነና ሰዓት ሲጠብ የሚዘለለውም እሱው ስለሆነ፣ ከካርታው እንዲጀመርላችሁ ጠይቁ፤ አዳራሹን በኋላ ማየት ይቻላል።